አራት ሰዓት፣ ከትልቁ ሰዓት ሥር

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚያገኙኝ ሴቶች እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። «አንቺ፣ አውሮፓ እንዴት ነበር? ሁለት ሕፃን ይዘሽ፣ ብቻሽን! ጎበዝ ነሽ እኮ!» ይሉኛል። እኔም «ጥሩ ነበር፣ ደስ ይላል» ብዬ አቀረቅራለሁ። ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ላውራ ብል እንኳ የማወራው ስለ ሮም ወይም ስለ ባቡሩ አይሆንም። የማወራው ስለ እህቴ ነው የሚሆነው፤ ስለ እሷ ሳወራ ደግሞ ድምፄ ይቆራረጣል። በጽሑፍ ይሻለኛል።

እህቴ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። አንድ አልጋ ላይ እያደርን፣ ክረምት ላይ በአንድ ጃንጥላ ትምህርት ቤት እየሄድን ነው ያደግነው። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው ስለጠፋ ቀረሁ። እሷ ቀጠለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተማረችውን ታስተምረኛለች፤ ስሳሳት «ተማሪዋ፣ ተነሺና ጥግ ቁሚ!» እያለች ትስቅብኛለች። በኋላ እኔ አግብቼ ወደ አሜሪካ መጣሁ። እሷ እኔ ከወጣሁ በኋላ በሱዳን አድርጋ፣ ባሕር አቋርጣ ጀርመን ገባች። የመኖሪያ ወረቀቷ እስካሁን አላለቀም፤ ከጀርመን መውጣት አትችልም። ማታ ማታ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ልጆቼ የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነበር፤ ፊቷ ስልኩን የምታክል አክስት።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከባለቤቴ ነው። ሮም ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ አክስት አሉት። «ልጆችህን ሳላይ ልሙት?» እያሉ ሲወቅሱት ቆይተዋል። አብረን ልንሄድ ነበር። እሱ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ጉዞው ሲቃረብ ፈቃድ አጣ።

«በቃ አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ሮም ትገቢያለሽ፣ በባቡር ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ ከፍራንክፈርት ትመለሻለሽ። እህትሽንም ታያታለሽ።»

የመጨረሻዋን ባይጨምር ኖሮ እምቢ እል ነበር። እኔ ቴክሳስ ውስጥ ከሰፈሬ ከግራንድ ፕሬሪ ተነስቼ፣ ግሬፕቫይን የሚገኝ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥብና ሳጥፍ ውዬ፣ በዚያው መንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። ከአውራ ጎዳናው የምወጣበት መውጫ ካመለጠኝ እንኳ ልቤ ይመታል። ግን እህቴን ታያታለሽ ተባልኩ።

ሴቷ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ ሦስት። ሮም ውስጥ ከሁሉም በላይ የገረማቸው ሰው በእግሩ መሄዱ ነው። እኛ ሰፈር ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሱቅ ነው፤ በእግር የሚሄድ ሰው ካዩ መኪናው የተበላሸበት ይመስላቸዋል። ልጄ ሲደክማት «እማዬ፣ መኪናችንን የት ነው ፓርክ ያደረግነው?» ትለኛለች። የለንም ስላት አታምንም፤ ያቆምኩበትን የረሳሁ ይመስላታል። ወንዱ ደግሞ የተቀመጠበት ስትሮለር በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲንቀጠቀጥ «አ-አ-አ-አ» እያለ በራሱ ድምፅ ይጫወታል። የባለቤቴ አክስት ከፊታችን ፈጠን ፈጠን እያሉ ይሄዱና ዞር ብለው፣ «እነዚህ የቴክሳስ ልጆች እግር አልፈጠረባቸውም እንዴ?» ይላሉ። ደስ የሚሉ ቀናት ነበሩ። እኔ ግን ልቤ ፍራንክፈርት ቀድሞ ሄዷል።

ከሮም ወደ ሚላኖ፣ ከሚላኖ ወደ ዙሪክ በባቡር ወጣን። ባቡሩ ውስጥ መጸዳጃ ቤት በሄድን ቁጥር ሻንጣውን ለማን አደራ እንደምል ግራ ይገባኝ ነበር፤ ሰው መጠየቅ ስለማልደፍር ሦስታችንም ሻንጣውን እየጎተትን እንሄዳለን። በሩ አይዘጋማ። ወንዱ ተቀምጦ፣ እኔ ሻንጣውን በእግሬ ደግፌ፣ ሴቷ በሩን በጀርባዋ ይዛ ለሚያልፈው ሁሉ «ሃይ» ትላለች። እሷ አትፈራም። ማንን እንደመሰለች አውቃለሁ።

ዙሪክ ስንደርስ ወንዱን ትኩሳት ያዘው። ፋርማሲ ገብቼ ቆምኩ፤ የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። ሴቷ ልጄ እጄን ለቀቀችና መደርደሪያው ላይ ተንጠልጥላ፣ ወንድሟን እንዳተኮሰው፣ ሦስት ዓመቱ እንደሆነ፣ የብርቱካን ጣዕም ያለው መድኃኒት እንደሚወድ ተናገረች። መድኃኒቱን ይዘን ሆቴል ገባን። ከእህቴ ጋር ፍራንክፈርት ላይ የምናሳልፋቸው ቀናት እዚያ ክፍል ውስጥ አለቁ። ትኩሳቱ ሲለቀው የቀረን አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላናችን ይነሳል።

ልጁ ጠዋት ትንሽ ይተኛ ብዬ የቀትሩን ባቡር መረጥኩና ለእህቴ በድምፅ መልእክት ላኩላት። «ነገ በአራት ሰዓት ፍራንክፈርት እንገባለን። የት ትጠብቂናለሽ?»

ወዲያው መለሰች። «አራት ሰዓት? እሰይ! ጣቢያው ውስጥ ትልቅ ሰዓት አለ፣ ከእሱ ሥር ቆሜ ታገኙኛላችሁ። አንቺ ሴትዮ፣ እንዳትጠፊ ደግሞ! አሜሪካ ውስጥ በእግር መሄድ ረስተሻል አሉ። ዳቦ ቆሎ ሠርቻለሁ። ሥራ የምገባው ማታ ስለሆነ አብረን እንውላለን።»

ይህን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ድምጿ ሲስቅ ደስ ስለሚለኝ ነው የሰማሁት እንጂ ቃሉን አልሰማሁትም። «እንውላለን» ነው ያለችው። እናመሻለን አላለችም።

እዚህ ዳላስ አካባቢ አንድ አበሻ ሌላውን ሲቀጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለው ነው። ክርስትና ስንጠራ እንጠይቃለን። ለሥራ ሺፍት ስንቀያየር እንጠይቃለን። ባለቤቴ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ፒክ አፕ እንዲያደርግ ስነግረው በፈረንጅ ነው፣ ስለ ቅዳሴ ስናወራ በአበሻ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተደባልቆብን አያውቅም። እኔና እህቴ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰዓት ይዘን ተቀጣጥረን አናውቅም። የሚያገናኘን ቦታ አልነበረንማ። ባሻን ጊዜ እንደዋወላለን፣ ስልኩን ያነሳ ያነሳል። ያቺ የመጀመሪያ ቀጠሯችን ነበረች። እኔ፣ ጀርመን ስለምትኖር እንደ ጀርመኖቹ ትቆጥራለች ብዬ ነው። እሷ ደግሞ ከእሷ ጋር ሳወራ እንደ ቤታችን እንጂ በሌላ እንደማልቆጥር አልተጠራጠረችም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ለወንዱ ሰጠሁት። ከሕመም የተነሳ ልጅ ነው፣ ካርቱን እያየ ዝም ይበልልኝ ብዬ እኔ ሻንጣ ሳስር አረፈድኩ። ሲደወል ካርቱኑ ይቋረጥበታል፤ ስለዚህ ቀዩን ምልክት እየነካ ይዘጋዋል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ባቡሩ ላይ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። አልደነገጥኩም፤ ሰዓቱንም ቦታውንም አውቃለሁ ብዬ።

ሰዓቱ ሥር ስንደርስ ልክ አራት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለልጆቹ ፊታቸውን ጠረግሁላቸው። ለሴቷ ፀጉሯን እንደገና አሰርኩላት። «አክስቴን እንዴት ነው የማውቃት?» አለችኝ። «እሷ ታውቅሻለች» አልኳት። አራት ሆነ፣ አለፈ። የምታልፈውን ጥቁር ሴት ሁሉ አያለሁ። አንዳንዷ እሷን ትመስለኝና ግማሽ እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ። ሴቷ ልጄ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ማንን፣ ምን ብዬ?

የጽዳት ጋሪ የሚገፉ አንዲት ሴትዮ በአጠገባችን ሁለት ጊዜ አለፉ። ቢጫ ጓንት አድርገዋል። አበሻ እንደሆኑ አውቄያለሁ፣ እሳቸውም አውቀውናል፣ ግን ሰላም ማለት አፈርኩ። በሦስተኛው ወንዱ ልጄ ከስትሮለሩ ዘንበል ብሎ ጮኸ።

«ሃይ! አንተ አበሻ ነህ?»

ሴትዮዋ ቆሙ። «ኧረ የኔ ጌታ! አንተ አልከኝ? ሴት ነኝ እኮ!»

«አንቺ ነው የሚባለው» አለችው እህቱ። ነገሩን አባባሰችው።

«ይቅርታ እትዬ፣ አማርኛው ብዙም...» ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

«ተያቸው! ሰላም ያሉኝ እነሱ ናቸው፣ አንቺማ ዝም ብለሽኛል» አሉ እየሳቁ። አማርኛቸው የአስመራ ለዛ ነበረው። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ሻንጣውን አዩ። «ቆይ፣ ቆይ። እናንተ ናችሁ እንዴ የአሜሪካዎቹ?»

«አዎ፣ እኛ ነን» አልኩ።

«ከጠዋት ጀምራ እዚህ ነበረች እኮ! እዚህች፣ አንቺ የቆምሽባት ላይ። ወንበር አለ፣ ተቀመጪ እላታለሁ፤ ከተቀመጥኩ አያዩኝም ትለኛለች። ስትደውል፣ ስትደውል፣ ስትደውል ዋለች። ማታ ሥራ አለብኝ ብላ ቅድም በባቡር ሄደች፣ እያለቀሰች። ምናልባት ከመጡ ብላ ይሄን ተወችልኝ።» ከጋሪው ውስጥ ከመጥረጊያዎቹ መሃል አንድ ፌስታል አወጡ። ዳቦ ቆሎው ነበር። ቁጥሯም ስልካቸው ውስጥ ነበር። ጓንታቸውን አንዱን አውልቀው ደወሉና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«የት ናችሁ? ልጁ ደህና ነው? ምን ሆናችሁ?»

«ደህና ነን። ከሰዓቱ ሥር ነን።»

«አሁን?»

«አዎ፣ አሁን። በአራት ሰዓት አልተባባልንም?»

የምትሄድበት ባቡር ድምፅ ይሰማኛል።

«አንቺ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አሁን እኮ አሥር ሰዓት ነው።»

ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁት። አጭሩ ዘንግ አራት ላይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አሥር የምንለው፣ እሷ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት።

«በፈረንጅ ነው የነገርሽኝ?» አለች። «እኔን? በፈረንጅ?»

ሰዓቱን እንደገና አየሁት።

«እንውላለን ስልሽ ምን መሰለሽ? ከአሥር ሰዓት በኋላ ማን ይውላል?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸ። «ተማሪዋ፣ ጥግ ቁሚ» አለችኝ፤ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «ልመለስ?» አለችኝ።

«አይ፣ አትመለሺ። ሥራሽስ?»

«ሥራውን ተይው። ልመለስ ወይ ነው የምልሽ።»

«አይ፣ በሞቴ፣ አትድከሚ።»

እኛ ቤት «አይ» ማለት ገና መጀመሪያ ነው። አንዱ አይ ይላል፣ ሌላው ኧረ ይላል፣ እንደገና አይ ይባላል፣ በስተመጨረሻ የተባለው ይሆናል። ቁራሽ ዳቦ እንኳ ቤታችን በአንድ ጊዜ ተቀብለን አናውቅም። እኔ የሚቀጥለውን እየጠበቅሁ ነበር። «መጣሁ በቃ፣ ዝም በዪ» እንድትለኝ። ደግሞ ያ ሥራ ከቀረባት ወረቀቷ ይበላሽ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ደግሞ ስልኩ የሰው ነው፣ ሴትዮዋ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሆነብኝ።

«እሺ» አለች እህቴ።

በቃ፣ እሺ። ጀርመን ውስጥ አይ ያለ ሰው አይ ማለቱ ነው መሰለኝ።

«ስልኩን ለሴትዮዋ ስጪልኝ» አለችኝ ከዚያ። ሰጠኋቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ እሳቸው ብቻ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ አሁኑኑ» ሲሉ ሰማሁ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና መሬት ላይ ተንበረከኩ። ወንዱን ከስትሮለሩ አውጥተው አቀፉት፤ ያላወለቁት ቢጫ ጓንት ጀርባው ላይ ነበር። ግራ ጉንጩን፣ ቀኝ ጉንጩን፣ እንደገና ግራውን ሳሙት። ሴቷንም እንዲሁ። «ይሄ የአክስታችሁ ነው» አሉ በሳሟቸው ቁጥር። «ይሄም የአክስታችሁ ነው። ይሄም።» ሰው ጋሪውን እየዞረ ያልፋል። እኔ ፌስታሉን ይዤ ቆሜያለሁ።

ዳቦ ቆሎውን ልጆቹ አውሮፕላን ላይ በሉት። ወንዱ «ቺፕስ» ነው የሚለው። ትንሽ አስቀርቼ ቤት ላምጣ ብዬ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ፌስታሉ ባዶ ነበር። ባለቤቴ ሊቀበለን መጥቶ፣ «እሺ፣ እህትሽስ?» አለኝ። «ሰላም ብላሃለች» አልኩት። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር አልተናገርኩም። ልጄ ግን ከኋላ ሆና፣ «አባዬ፣ መኪናው እዚህ ነበር ለካ!» አለችው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እህቴ የነገረችኝ። ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ በመሃል፣ «ያን ቀን እኮ አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ልትተካኝ ተስማምታ ነበር» አለችኝ። «ነይ ብትዪኝ ኖሮ ከሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ እመለስ ነበር። ሌሊቱንም አብሬያችሁ አድር ነበር።»

«አይ ያልኩት እኮ... እንድትመልሺልኝ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ በኋላ ገባኝ። ሰዓቱን በፈረንጅ፣ እምቢታውን በአበሻ! እኔ የቱን ልወቅ?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እሷ ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ የሚያምመኝን ነገር በሳቅ ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ሦስተኛ ልጅ መጣች፤ የእህቴ የወረቀት ጉዳይ ደግሞ አንዴ ውድቅ ተደርጎ እንደገና እየታየ ነው። ወዴት እንደሚልኳት አይታወቅም። ሥራ ቦታዬ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት የለውም፤ አንሶላ ወደ ላይ ላደርስ ስወጣ ግን ሎቢው ውስጥ ስትሮለርና ሻንጣ ይዘው የሚቆሙ እናቶችን አያለሁ። ሰዓታቸውን እያዩ ሰው ሲጠብቁ ሳይ ሄጄ «በየትኛው ነው የተቀጣጠራችሁት?» ልላቸው ይቃጣኛል። እነሱ እንደዚያ አይሳሳቱም፤ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ተቀይሯል። እህቴ አሁን ለእኔ ሰዓት ስትነግረኝ «አሥራ ስድስት ሰዓት ላይ ልደውል» ትላለች። እንደ ጀርመኖቹ ነው የምትቆጥረው፤ እንዳንሳሳት ብላ ነው። እውነትም አንሳሳትም። ግን ስትለው በሰማሁ ቁጥር፣ አሥር ሰዓት በይኝ ማለት ይመጣብኛል። አልልም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለእኛ ጠዋት ነው፣ በዚያው በእሷ አሥራ ስድስት ሰዓት ደወለች። ፊቷ ስልኩን ሞላው። ወንዱ ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ትኩር ብሎ አያት።

«አንተ አክስቴ አይደለህም» አላት።

«ማነኝ ታዲያ?»

«አላውቅም። አክስቴ ጀርመን ነው። ቢጫ ጓንት አለው። ኪስ አደረገኝ።»

«አንተ፣ አክስትህ ይቺ ናት! ያቺኛዋ እኮ...» ብዬ ልገባ ስል እህቴ አቋረጠችኝ።

«ተይው አትከራከሪው። የሳመችው እሷ ናት።» ከዚያ ለእሱ፣ «እሺ፣ ስመጣ ያንን ጓንት ተውሼ አደርገዋለሁ። ያኔ ታውቀኛለህ?»

አሰበበት። «ኦኬ» አላት። «መቼ?»

እህቴ ከስልኩ ውስጥ እኔን ፈልጋ አየችኝ። እኔም አየኋት። ቃል ጠፋኝ፤ እንደ ወትሮው። ጎንበስ አልኩና በልጄ ጆሮ አንዲት ቃል ነገርኩት፤ ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ ያልወጣችልኝን። አንተና አንቺን የማይለይ ልጅ ነው፤ ያበላሻታል ብዬ ነበር።

«ነይ» አላት። አጥርቶ፣ ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ። ከዚያ ደስ አለውና መዝለል ጀመረ። «ነይ! ነይ! ነይ!»

እህቴ ስልኳን በመዳፏ ሸፈነችው። የእጇ ጥላ ብቻ ይታየን ነበር። ልጄ መጥራቱን አላቆመም፤ እኔም አላስቆምኩትም።